ፒንጉ ለምን አልመለሰም? ለጀማሪ የኔትወርክ ሰርተፊኬት ፈተና አዘገጃጀት

አንድ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻው 192.168.10.10፣ ማስኩ (የትኛው አድራሻ የራሱ ኔትወርክ እንደሆነ የሚለይበት ቁጥር) 255.255.0.0፣ ጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው ራውተር) 192.168.10.1 ነው። ኢንተርኔት ይከፍታል። አጠገቡ ያሉትን ኮምፒውተሮችም ፒንግ ያደርጋል፤ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልስ ያገኛል። በ192.168.20.0/24 ኔትወርክ ላይ ያለውን ፕሪንተር ግን ሊያገኘው አልቻለም። ጥፋቱ የማን ነው? የኬብሉ፣ የዲኤንኤሱ፣ የጌትዌዩ ወይስ የማስኩ?

የማስኩ ነው። 255.255.255.0 መሆን ሲገባው 255.255.0.0 ስለተጻፈ ኮምፒውተሩ በ192.168 የሚጀምረውን ሁሉ ጎረቤቴ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ፓኬቱን ለጌትዌዩ ማስረከብ ትቶ በኤአርፒ፣ የአንድ አይፒ ባለቤት ማን እንደሆነ በሚጠይቀው ፕሮቶኮል፣ «192.168.20.5 ማነው?» እያለ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ይጮኻል፤ የሚመልስለት የለም። (ራውተሩ በፕሮክሲ ኤአርፒ፣ ማለትም በሌላው ስም መልስ በመስጠት፣ ካልሸፈነለት በቀር። ሥራ ላይ ይህን ስህተት ለወራት ደብቆ የሚያቆየውም እሱ ነው።) ኢንተርኔቱ የሠራው የውጭ አድራሻ ሲመጣ «ይሄስ የእኔ ሰፈር አይደለም» ብሎ ወደ ጌትዌዩ ስለሚልከው ነው።

የጀማሪ የኔትወርክ ፈተናዎች ጠባይ ይኸው ነው። «ሰብኔት ማስክ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ማስኩ ሲሳሳት ምን እንደሚታይ፣ ከሚታየው ተነስቶም ጥፋቱን ማግኘት ነው። ትርጉም ሸምድዶ የሚገባ ሰው ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ያውቀዋል፣ መልሱ ግን አይመጣለትም።

የትኛው ፈተና?

በብዛት የሚወሰዱት ሁለት ናቸው፦ የኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስ እና የሲስኮ ሲሲኤንኤ። ኔትወርክ ፕላስ ከአንድ አምራች ዕቃ ጋር የተያያዘ አይደለም። አሁን ያለው ዕትም ኤን10-009 ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ100 እስከ 900 በሚሄደው መለኪያ 720 ነው። ሲሲኤንኤ፣ ቁጥሩ 200-301፣ 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲስኮ የማለፊያ ነጥቡን በይፋ አያወጣም። ሁለቱም ሰርተፊኬቶች የሚያገለግሉት ለ3 ዓመት ነው።

ልዩነቱ በጥልቀት ላይ ነው። ኔትወርክ ፕላስ ሰፊና ቀለል ያለ ነው፤ ኬብል፣ ዋይፋይ፣ ደኅንነት፣ ሰነድ አያያዝ፣ ብልሽት ፍለጋ ሁሉንም ይነካካል። ሲሲኤንኤ ደግሞ ራውተርና ስዊች ላይ ትእዛዝ እንድትጽፉ ይፈልጋል። የቴክኒክ ድጋፍ ሥራ ለሚፈልግ የመጀመሪያው ይበቃል። ኔትወርክ ሙያዬ ነው ብሎ የቆረጠ ሰው ግን ሁለቱንም በተራ ከሚወስድ በቀጥታ ወደ ሲሲኤንኤ ቢሄድ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል ባዮች ነን።

የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ የሚነበበው መጽሐፍ ሳይሆን አውጪው ድርጅት በነጻ የሚያወጣው የፈተናው ይዘት ዝርዝር ነው። አትሙት፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «አውቀዋለሁ»፣ «ሰምቼዋለሁ»፣ «አላውቀውም» እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ክብደቱንም እዩ። በሲሲኤንኤ የኔትወርክ መሠረታዊ ነገሮች 20 በመቶ፣ ስዊችና ዋይፋይ 20፣ ራውቲንግ 25፣ እንደ ዲኤችሲፒ (አድራሻ አዳይ) እና ናት (አድራሻ ቀያሪ) ያሉ አገልግሎቶች 10፣ ደኅንነት 15፣ አውቶሜሽን 10 በመቶ ይይዛሉ። በኔትወርክ ፕላስ ትልቁን ድርሻ የያዘው ብልሽት ፍለጋ ነው፣ 24 በመቶ።

ዝርዝሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ካረጀ መጽሐፍ ያድናችኋል። የቀድሞው ሲሲኤንኤ ኢአይጂአርፒን፣ ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበትን ፕሮቶኮል፣ ኮንፊገር አድርጉ ይል ነበር፤ የአሁኑ የሚፈልገው ሌላውን፣ ኦኤስፒኤፍን ነው፣ እሱንም በአንድ ኤሪያ (የራውተሮች ክፍል) ብቻ። የ200-301 የመጀመሪያ ዕትም ፐፔትና ሼፍ የሚባሉ መሣሪያዎችን ይጠቅስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዕትም 1.1 ትቷቸው አንሲብልንና ቴራፎርምን ይዟል። ከጓደኛ የተገኘ አሮጌ ፋይል ይዞ ሁለት ወር የደከመ ሰው ይህን የሚያውቀው ፈተናው ላይ ነው።

ሰብኔት፦ ከአንድ ደቂቃ በታች

ሰብኔት ማስላት ለብቻው እንደ ጥያቄ ይመጣል፤ በራውቲንግ፣ በኤሲኤል (ትራፊክ የሚፈቅድና የሚከለክል ዝርዝር)፣ በኦኤስፒኤፍ ጥያቄዎች ሆድ ውስጥም ተደብቆ ይመጣል። አንዱን ለማስላት አራት ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ዕውቀት ኖሮት በሰዓት ይወድቃል።

192.168.10.77/27ን እንውሰድ። ከ32 ቢት 27ቱ ለኔትወርክ ተይዘዋል፣ 5 ቀርተዋል። 2 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 2×2×2×2×2፣ 32 ነው። ስለዚህ ሰብኔቶቹ በ32 እየዘለሉ ይሄዳሉ፦ 0፣ 32፣ 64፣ 96። 77 በ64 እና በ96 መካከል ነው። የኔትወርኩ አድራሻ 192.168.10.64፣ ብሮድካስቱ (ለሰብኔቱ ሁሉ የሚላክበት አድራሻ) ከቀጣዩ አንድ ያነሰው 192.168.10.95፣ ለመሣሪያ የሚሰጠው ከ65 እስከ 94፣ በጠቅላላ 30 አድራሻ። ባይነሪ አልጻፍንም። የመጀመሪያው ሳምንት ግን በባይነሪ ሥሩት፤ 32 ከየት እንደመጣ ያላየ ሰው ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም ይጠፋበታል።

የሚጣመመውም እዚህ ላይ ነው፦ 172.16.45.200/20። ብዙ ሰው ዓይኑን መጨረሻ ላይ ባለው 200 ላይ ይጥላል። /20 ግን የሚቆርጠው ሦስተኛውን ቁጥር ነው፤ 16 ቢት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች፣ የቀሩት 4 ለሦስተኛው። ማስኩ 255.255.240.0 ነው፣ ዝላዩ 256 ሲቀነስ 240፣ ማለትም 16። 0፣ 16፣ 32፣ 48 ስንል 45 ከ32 በኋላ ነው። ኔትወርኩ 172.16.32.0፣ ብሮድካስቱ 172.16.47.255 ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ብሮድካስቱን 172.16.32.255 ብሎ መጻፍ ነው። ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ 172.16.40.255/20 ለኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል? ይችላል። በ255 ማለቁ ብሮድካስት አያደርገውም፤ የዚህ ሰብኔት መጨረሻ 47.255 ነውና።

«30 ኮምፒውተር ላለበት ክፍል የሚበቃው ትንሹ ሰብኔት የቱ ነው?» ሲባል /27 ብላችሁ ከመዝለላችሁ በፊት ጥያቄውን እንደገና አንብቡ። የራውተሩ ኢንተርፌስም አድራሻ ይፈልጋል፤ ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ 31 ሆኖ ወደ /26 ይሸጋገራል።

አንድን ኔትወርክ መጠናቸው ለተለያየ ክፍሎች ማከፋፈል ሲመጣ ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምሩ። 192.168.5.0/24ን 50፣ 25፣ 10 እና 2 አድራሻ ለሚፈልጉ አራት ክፍሎች ስናድል፦ ለ50ው /26 ከ0 እስከ 63፣ ለ25ቱ /27 ከ64 እስከ 95፣ ለ10ሩ /28 ከ96 እስከ 111፣ ለ2ቱ /30 ከ112 እስከ 115። ከትንሹ ብንጀምር /30ው ከ0 እስከ 3 ይይዛል፤ /26 ደግሞ መነሻው የ64 ብዜት መሆን ስላለበት ወደ 64 ይዘላል፣ በመሃል ያለው ተሸንሽኖ ይቀራል።

በቀን 15 ያህል ጥያቄ፣ በሰዓት እየለካችሁ፣ ለሦስት ሳምንት ሥሩ። ፈተና ላይ ሰዓቱ እንደጀመረ በሚሰጣችሁ ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ከላይ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1፤ ከሥሩ 128፣ 192፣ 224፣ 240፣ 248፣ 252፣ 254፣ 255፤ ከዚያ ሥር ከ/25 እስከ /32። የላይኛው ዝላዩ፣ የመካከለኛው ማስኩ ነው። አርባ ሰከንድ ይወስዳል፣ ብዙ ደቂቃ ይመልሳል።

ፓኬቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ

ከኮምፒውተር እስከ ሰርቨር ያለውን ጉዞ አንዴ በደንብ ያጠና ሰው ሌላው ምዕራፍ ይቀለዋል። ኮምፒውተሩ 192.168.10.10/24፣ ሰርቨሩ 10.0.0.5 ይሁን። ኮምፒውተሩ መድረሻው ከራሱ ሰብኔት ውጭ መሆኑን በማስኩ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኤአርፒ የሚጠይቀው የሰርቨሩን ሳይሆን የጌትዌዩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን የራሱ ቁጥር፣ ነው። ፍሬሙ፣ ማለትም የፓኬቱ መጠቅለያ፣ ሲወጣ የመድረሻ አይፒው የሰርቨሩ፣ የመድረሻ ማኩ የራውተሩ ነው። ራውተሩ ያንን ፍሬም ይገፍፈዋል፣ ቲቲኤሉን (ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደቀረው የሚናገረውን ቁጥር) በአንድ ይቀንሳል፣ አዲስ ፍሬም ያለብሰዋል፤ በአዲሱ ላይ የመነሻ ማኩ የራውተሩ የመውጫ ኢንተርፌስ ይሆናል። ማክ በየራውተሩ ይቀየራል፣ አይፒ ግን ናት ካልገባበት በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቀየርም። «ፍሬሙ ሁለተኛው ራውተር ላይ ሲደርስ የመነሻ ማኩ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የኮምፒውተሩን የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው።

ላብ፦ ሠርታችሁ አታቁሙ፣ አበላሹት

የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነጻ ይገኛል፤ በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። ለሁለቱም ፈተና ይበቃል። ያገለገለ ስዊችና ራውተር መግዛት ደስ ይላል እንጂ ግዴታ አይደለም።

አብዛኛው ተማሪ መመሪያውን ተከትሎ ይሠራል፣ ፒንጉ ይመልሳል፣ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል። ትምህርቱ ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ስዊች በተርታ አገናኙ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ በቪላን 10 እና በቪላን 20 (ቪላን አንድን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች ይከፍላል) ኮምፒውተሮች አስገቡ፤ በስዊቾቹ መካከል ትራንክ፣ ማለትም ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ መስመር፣ አድርጉ። ሁሉም ሲሠራ ማበላሸት ጀምሩ።

መጀመሪያ የአንዱን መስመር ሁለት ጫፎች ዳይናሚክ ኦቶ አድርጓቸው። ሁለቱም «ሌላው ይጠይቀኝ» ብለው ስለሚጠብቁ ትራንክ አይፈጠርም፤ ወደቦቹ በቪላን 1 አክሰስ (አንድ ቪላን ብቻ የሚያሳልፉ) ሆነው ይቀራሉ፣ ቪላን 10ም ቪላን 20ም ይቋረጣሉ። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው፤ ሰውን የሚያደናግረውም እሱ ነው። በመስመሩ ጫፍ ባለው ስዊች ላይ «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ስትሉ ባዶ ይመጣል። ያንን ባዶ ስክሪን በዓይናችሁ እዩት፤ ፈተናው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ ትራንኩን መልሱና ከመካከለኛው ስዊች ላይ ቪላን 20ን አጥፉ። በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ አለ፣ ትራንኩም ቆሟል፣ ፒንግ ግን የለም። መካከለኛው ስዊች የማያውቀውን ቪላን አያሳልፍም። የሲስኮ ስዊች አክሰስ ወደብ ላይ የሌለ ቪላን ቁጥር ስትሰጡት ራሱ ይፈጥረዋል፤ መካከለኛው ላይ ግን ኮምፒውተር ስላልተሰካ በእጃችሁ ካልፈጠራችሁት አይኖርም።

ሦስተኛው ሥራ ላይም ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። ትራንኩ ላይ 10 እና 20 ተፈቅደዋል፣ 30ን መጨመር ፈለጋችሁ። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ካላችሁ 30 አልተጨመረም፤ ዝርዝሩ በ30 ተተካ፣ 10 እና 20 በዚያችው ሰከንድ ተቆረጡ። ትክክለኛው «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 30» ነው። አንዲት «አድ» የምትባል ቃል።

ኦኤስፒኤፍንም እንዲሁ አሠቃዩት። በአንዱ ራውተር ላይ ኤሪያውን ቀይሩ፤ ሄሎ ሰዓቱን ከ10 ወደ 15 አድርጉ፤ ማስኩን አጣሙ፤ ኢንተርፌሱን ፓሲቭ አድርጉ። በአራቱም የጎረቤት ሰንጠረዡ ባዶ ይሆናል። ኤምቲዩ (የፓኬቱ ከፍተኛ መጠን) ሲለያይ ግን ባዶ አይሆንም፤ ጎረቤቱ ይታያል፣ ኤክስስታርት ላይ ተቸክሎ ይቀራል። አራት ወይም ከዚያ በላይ ራውተሮች አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ ደግሞ አንዳንዶቹ ቱዌይ ላይ ይቆማሉ፤ ይሄ ጥፋት አይደለም፣ ዲአርና ቢዲአር (የቡድኑ ዋናና ምክትል ራውተሮች) ያልሆኑት እርስ በርሳቸው ሙሉ ጉርብትና አይገቡም። ከምርጫዎቹ መካከል «ኤምቲዩ አልተስማማም» የሚለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ አትቸኩሉ።

የራውቲንግ ሰንጠረዥ ጥያቄም አንድ የሚያታልል ነገር አለው። ወደ 10.1.1.77 የሚሄድ ፓኬት አለ። ሰንጠረዡ ውስጥ 10.1.0.0/16 በኦኤስፒኤፍ፣ 10.1.1.64/26 በሪፕ፣ 0.0.0.0/0 በስታቲክ ገብተዋል። የስታቲክ ርቀት 1፣ የኦኤስፒኤፍ 110፣ የሪፕ 120 መሆኑን የሸመደደ ሰው ወይ ስታቲኩን ወይ ኦኤስፒኤፉን ይመርጣል። ራውተሩ የሚመርጠው ሪፕን ነው፤ /26 ከሁሉም ረጅምና የተለየ ነውና፣ 77ም ከ64 እስከ 127 ባለው ውስጥ ነው። ያ የርቀት ቁጥር የሚሠራው ኔትወርኩም ማስኩም አንድ የሆነን መንገድ ሁለት ፕሮቶኮሎች ሲያቀርቡ፣ ማን ወደ ሰንጠረዡ ይግባ ለማለት ነው።

በቃል የሚያዘው

መሸምደድ የማይቀርባቸው ነገሮች አሉ፤ ደስ ባይልም በካርድ ጽፎ በትርፍ ሰዓት ማገላበጥ ነው። ፖርቶች፦ ኤስኤስኤች 22፣ ቴልኔት 23፣ ዲኤንኤስ 53፣ ዲኤችሲፒ 67 እና 68፣ ቲኤፍቲፒ 69፣ ኤንቲፒ 123፣ ኤስኤንኤምፒ 161 እና 162፣ ኤልዳፕ 389፣ ኤችቲቲፒኤስ 443፣ ሲስሎግ 514፣ አርዲፒ 3389። የመዳብ ኬብል 100 ሜትር፤ ካት 6 በ10 ጊጋቢት ሲሆን 55 ሜትር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ስታዩ ኮምፒውተሩ ዲኤችሲፒ ሰርቨር አላገኘም ማለት ነው። በስፓኒንግ ትሪ፣ በስዊቾች መካከል ዙሪት እንዳይፈጠር በሚጠብቀው ፕሮቶኮል፣ የመነሻው ፕራዮሪቲ 32768 ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆነ ማክ አድራሻው ትንሹ የሆነው ስዊች ሩት (ዋናው ስዊች) ይሆናል። ብዙ ጊዜ ያ የሚሆነው በክፍሉ ያለው አሮጌው ስዊች ነው።

ኤሲኤል ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ የመጀመሪያው የገጠመ መስመር ይወስናል፣ በመጨረሻም የማይታይ «ሁሉንም ከልክል» አለ። አንድ ኮምፒውተር ለመከልከል አንድ መስመር ብቻ የጻፈ ሰው ሁሉንም ከልክሏል።

የልምምድ ፈተናና የተሰረቀ ጥያቄ

የልምምድ ፈተና የሚጠቅመው ጥናቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ ጥያቄዎቹ በዓይን ይለመዱና 90 በመቶ ያመጣችሁ ያስመስላል። አይታችሁት የማታውቁትን ፈተና በሰዓቱ ሠርታችሁ ከ85 በመቶ በላይ ካገኛችሁ ቀጠሮ ያዙ። የተሳሳታችሁትን ለብቻው ደብተር ላይ ጻፉ፤ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ጭምር።

«ዳምፕ» የሚባለውን፣ ከፈተና ክፍል ተሸምድዶ የወጣውን የጥያቄ ክምር፣ አትንኩት። ፈተናው ላይ የምትስማሙበትን ውል ያፈርሳል፣ ከተደረሰበት ሰርተፊኬት ያሰርዛል። ይሄ ባይኖር እንኳ ውስጡ ያለው መልስ በስህተት የተሞላ ነው፤ የጻፈው ሰው ራሱ መልሱን አያውቀውም ነበርና።

የፈተናው ቀን

ሁለቱም የሚሰጡት በፒርሰን ቪዩ በኩል ነው፤ በፈተና ጣቢያ ወይም በካሜራ ቁጥጥር ከቤት። ስትመዘገቡ የምትጽፉት ስም መታወቂያው ላይ ካለው ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። ከቤት የምትፈተኑ ከሆነ የሲስተም ፍተሻውን በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ኢንተርኔት ቀድማችሁ አድርጉ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ያለ ቪፒኤን ወይም ፋየርዎል ፕሮግራሙን ሊዘጋው ይችላል፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ ይሻላል። ከቤት ሲሆን ወረቀትና እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ ያ የሰብኔት ሠንጠረዥ ስክሪኑ ላይ ባለው ሰሌዳ በማውስ ነው የሚጻፈው፣ እሱንም ተለማመዱት። ጣቢያ ሄዶ መፈተን ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

በሲሲኤንኤ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ «ቀጣይ» ካላችሁ ያ ጥያቄ ተዘግቷል። ስለዚህ አንድ ላይ ተቸክላችሁ አትቅሩ፣ ገምታችሁ እለፉ፣ ባዶም አትተዉ። የላብ ጥያቄ ሲመጣ ኮንፊገሬሽኑን ማስቀመጥ ተጠይቆ እንደሆነ ሳታዩ አትለፉ። በኔትወርክ ፕላስ ግን ምልክት አድርጎ መመለስ ይቻላል። የተግባር ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣሉና ምልክት አድርጋችሁ እለፏቸው፣ ምርጫዎቹን ጨርሳችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ ላይ 25 ደቂቃ የበሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ቀላሉን ጥያቄ ሳያነቡ ይቀራሉ።

ካልተሳካ ሲስኮ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ 5 ቀን ያስጠብቃል። በኮምፕቲያ ለሁለተኛው ሙከራ መጠበቅ የለም፣ ለሦስተኛው ግን 14 ቀን አለ። የሲስኮ የውጤት ወረቀት በየክፍሉ ስንት በመቶ እንዳገኛችሁ ያሳያል። ዝቅተኛውን ብቻ አትዩ፣ ከክብደቱ ጋር አባዙት፦ ራውቲንግ ላይ 60፣ አውቶሜሽን ላይ 40 ያገኘ ሰው አውቶሜሽኑን ሙሉ ቢሞላ የሚያተርፈው 6 ነጥብ ነው፣ ራውቲንጉን ሙሉ ቢሞላ 10። በሚቀጥለው ቀን የሚከፈተው የኦኤስፒኤፍ ላብ ነው።